በዌምብሌይ ሣር ላይ የቆመ ሥራ ፈት

ሜይ 30 ቀን 2016 በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ኤ ኤፍ ሲ ዊምብልደን ፕሊማውዝ አርጋይልን 2 ለ 0 አሸንፎ ከሊግ ቱ ወደ ሊግ ዋን አለፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛዋን ግብ በጭማሪ ሰዓት በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው አዴባዮ አኪንፌንዋ ነበር፤ አንድ ኩንታል ያህል የሚመዝን፣ ትከሻው የበር መቃን የሚያጣብብ አጥቂ። ጨዋታው እንዳለቀ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማይክሮፎን አስጠጋለት። እሱም እየሳቀ፣ በደንቡ መሠረት አሁን ሥራ ፈት እንደሆነና የሚፈልገው አሠልጣኝ ካለ በዋትስአፕ እንዲያገኘው ተናገረ። ያየው ሁሉ ሳቀ፣ ቪዲዮውም ዓለምን ዞረ።

ሰውየው የተናገረው ግን እውነቱን ነው። ዕድሜው 34 ነበር። የያዘው ውል በአንድ ወር ውስጥ ያልቃል፤ ለሚቀጥለው ዓመት የፈረመው ሌላ ወረቀት የለውም። ቡድኑን ከፍ ወዳለ ሊግ ያሳለፈ ሰው በማግስቱ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ይነሣል።

የእንግሊዝን ታችኛ ሊጎች በስም የሚያውቅ ሰው እኛ አገር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዝቷል። ያስተዋወቀን ግን የውርርድ ቲኬቱ ነው። አክሪንግተን ስታንሊ ሲጫወት በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ያላየ ወጣት፣ ቅዳሜ ማታ “አክሪንግተን አበላሸብኝ” እያለ ቲኬቱን ሲቀድ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ለእሱ አክሪንግተን አንድ መስመር ጽሑፍና ከጎኑ የተቀመጠ ቁጥር ነው። ከዚያች መስመር ጀርባ ያሉት ሃያ ምናምን ሰዎች ምን ተፈራርመው፣ በምን ተማምነው እንደሚያድሩ ማን ይጠይቃል?

አቀማመጡን ባጭሩ ልናገር። ከላይ ሃያ ክለቦች ያሉት ፕሪሚየር ሊግ አለ። ከሥሩ እያንዳንዳቸው 24 ክለቦች ያሏቸው ሻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋንና ሊግ ቱ ተደርድረዋል። ድምሩ 92 ይመጣል። ከዚያ በታች አምስተኛው ደረጃ፣ ናሽናል ሊግ ነው፤ እዚያ ሙሉ ጊዜውን በኳስ የሚተዳደርም፣ ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ማታ የሚለማመድም ይገኛል። የምንነጋገረው ከሊግ ዋን ጀምሮ ወደ ታች ስላለው ሰው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ተማሪ ለነበረ ሰው ሰኔ 30 ምን ቀን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ካርድ የሚሰጥበት፣ ያለፈው እየዘለለ የሚሄድበት፣ የወደቀው ደግሞ መንገዱን አርዝሞ ቤቱ የሚገባበት ቀን ነው። የእንግሊዝ ተጫዋችም የራሱ ሰኔ 30 አለው፤ ጁን 30። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ላይ ስለሚውል የእነሱ ካርድ ከእኛው በሳምንት ይቀድማል። የተጫዋቾች ውል ባመዛኙ የሚያልቀው በዚያ ዕለት ነው። ውጤቱ ግን ቀደም ብሎ፣ ሜይ ላይ የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ በተደረገ በቀናት ውስጥ ይነገራል። ተጫዋቾቹ ተራ በተራ አሠልጣኙ ቢሮ ይገባሉ። አንዳንዱ ወንበሩ ሳይሞቅ ይወጣል። ከዚያ ክለቡ በድረ ገጹ ዝርዝር ያወጣል፦ ውላቸው ያላለቀ፣ አዲስ ውል የቀረበላቸው፣ የሚሰናበቱ። ከሦስተኛው ምድብ ግርጌ ክለቡ ላደረጉት አስተዋጽኦ እንደሚያመሰግናቸውና መልካም ዕድል እንደሚመኝላቸው ይጻፋል። ይህን ምስጋና በየዓመቱ በተለያዩ ክለቦች ገጽ ላይ አነበዋለሁ፤ ቃሉ እንኳ ብዙም አይለዋወጥም።

የታችኛው ሊግ ተጫዋች ትልቁ ባላንጣ ይህ ቀን ነው። ቅዳሜ የሚገጥመው ተከላካይ ቢረታው ማክሰኞ ሌላ ጨዋታ አለው። ጁን 30 ግን መልስ ጨዋታ የለውም።

የድሮው ከዚህም የከፋ ነበር። ከ1893 ጀምሮ የእንግሊዝ ክለብ የተጫዋቹን ምዝገባ ውሉ ካለቀ በኋላም ይዞ የማስቀረት ሥልጣን ነበረው። አልከፍልህም፣ ለሌላም አልለቅህም ማለት ይችል ነበር። በ1919 ሊድስ ሲቲ በጦርነቱ ዓመታት ለተጫዋቾች ከተፈቀደው ውጭ ከፍሏል በሚል ከሊጉ ሲባረር፣ ተጫዋቾቹ እዚያው ሊድስ ውስጥ ሜትሮፖል በተባለ ሆቴል ለጨረታ ቀረቡ። የሌሎች ክለቦች ሰዎች ተሰብስበው፣ ከክለቡ ንብረት ጋር አብረው የተዘረዘሩትን ሰዎች በየዋጋቸው ተከፋፈሏቸው።

ደመወዙም ጣሪያ ነበረው። እስከ 1961 መግቢያ ድረስ በእንግሊዝ ሊግ ማንም ተጫዋች በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ ማግኘት አይፈቀድለትም ነበር። በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር አድማ እንመታለን ብሎ ጣሪያውን አስነሣ፤ በዚያው ዓመት የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ የሚከፈለው ሰው ሆነ። በ1963 ጆርጅ ኢስተም ኒውካስልን ከስሶ፣ ውሉ ያለቀን ሰው ይዞ ማስቀረት ተገቢ ያልሆነ የሥራ ገደብ ነው የሚል ፍርድ አገኘ። ዲሴምበር 15 ቀን 1995 ደግሞ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጂጋዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ፣ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደፈለገበት እንዲሄድ ፈረደ። ቦስማን ራሱ ከፍርዱ በኋላ ኑሮው ተበላሽቶ ችግር ላይ ወደቀ፤ በፍርዱ ሚሊየነር የሆኑት ሌሎች ናቸው።

“ነጻ” የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ፊት አለው። ነጻ የወጣ ሰው እንላለን፤ በነጻ የሚወሰድ ዕቃም እንላለን። የሊግ ቱ ተጫዋች ጁን 30 ላይ ሁለቱንም ይሆናል። ከቦስማን በፊት ትንሹ ክለብ ተጫዋቹን የሚይዝበት የገንዘብ ምክንያት ነበረው፤ ሰውየው ውሉ ቢያልቅም ሲሄድ ዋጋ ያወጣል። ዛሬ ክለቡ አዲስ ውል አቅርቦለት እንቢ ያለ ከ24 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከሆነ ብቻ ካሳ ይጠየቅበታል። ከዚያ ዕድሜ በላይ ያለው ውሉ ሲያልቅ በክለቡ መዝገብ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው። ታዲያ የታችኛው ሊግ ክለብ የ29 ዓመት ተጫዋች ለሦስት ዓመት ማስፈረም ምን ያደርግለታል? ጁላይ ላይ ሌላ ክለብ የለቀቀው፣ እሱን የሚመስል፣ ዋጋ የማይጠየቅበት ሰው ሞልቷል። ለኮከቡ ነጻነት ገበያውን ያደራዋል፤ ለተራው ተጫዋች ግን ገበያውን እሱን በሚመስሉ ሰዎች ያጥለቀልቀዋል። ቦስማን ክፉ ሠራ ማለቴ አይደለም፤ የሜትሮፖል ሆቴልን ጨረታ የሚናፍቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ውሎቹን ይበልጥ ያሳጠረው የ2002 ድንጋጤ ነው። አይ ቲቪ ዲጂታል የተባለ የክፍያ ቴሌቪዥን ድርጅት የፉትቦል ሊጉን (ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያሉትን ሦስት ደረጃዎች) ጨዋታዎች ለሦስት ዓመት ለማሳየት 315 ሚሊዮን ፓውንድ ሊከፍል ተፈራርሞ ነበር። ክለቦቹም ገንዘቡ ሳይደርስ በጀቱን በልተውታል፤ በብድር የተዘራ ማሳ ማለት ነው። ድርጅቱ ሲወድቅ 178.5 ሚሊዮኑ ሳይከፈል ቀረ። በዚያ የዝውውር ወቅት በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ተሰናበቱ፣ በርከት ያሉ ክለቦችም ኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የታችኛው ሊግ ሊቀመንበር ረጅም ውል ሲቀርብለት እጁ ይንቀጠቀጣል።

እስቲ ውሉን ራሱን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ የ29 ዓመት የግራ መስመር ተከላካይ አስቡ። ስም አልሰጠውም፣ በየክለቡ አለ። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት፣ ዘንድሮ ካለፉት ስድስት ዓመታት አራተኛው ክለቡ የሆነ ሰው ነው። ደመወዙ ሦስት ቁራጭ ነው፦ በየወሩ የሚገባ መነሻ፣ በተሰለፈበት ጨዋታ ልክ የሚታሰብ ክፍያ፣ ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚጨመር ጉርሻ። መነሻው ቤት ኪራዩን ይችላል፤ የቀረው ኑሮ በሁለቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ የጭኑ ጡንቻ ሲሳብ የሚጎዳው ጭኑ ብቻ አይሆንም። ብዙ ተጫዋች ግማሽ ጤነኛ ሆኖ “ደህና ነኝ” ብሎ ሜዳ የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው፤ እንዲያ ሲያደርግ የሁለት ሳምንቱ ጉዳት የሁለት ወር ይሆንበታል።

ከዚያ የማራዘሚያው አንቀጽ አለ። ለምሳሌ፣ ተጫዋቹ 25 ጨዋታ ከተሰለፈ ውሉ በራሱ ለአንድ ዓመት ይራዘማል ይላል። ለተጫዋቹ ዋስትና ይመስላል። ነገር ግን የክለቡም የሒሳብ ሹም መቁጠር ያውቃል። ሃያ አራተኛው ጨዋታ እንዳለቀ አሠልጣኙ ድንገት ለወጣቶች ዕድል የመስጠት ፍላጎት ያድርበታል፤ ተከላካያችን ማርችንና ኤፕሪልን በተቀያሪ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ያሳልፋል። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም አምኖ አይናገርም፤ በታችኛው ሊግ ያለ ወኪል ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ዓመቱም ረጅም ነው። የሊጉ ጨዋታ ብቻ 46 ነው፤ ሦስቱ የዋንጫ ውድድሮች ሲጨመሩ ከሃምሳ ያልፋል። ካርላይልና ፕሊማውዝ በአንድ ሊግ በተገናኙባቸው ዓመታት የአንዱ ቡድን አውቶቡስ ለአንድ ጨዋታ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ክለብ ሲቀየር ደግሞ ቤት ይቀየራል፤ ወይም ሚስትና ልጆች ባሉበት ይቀሩና አባት ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ይከራያል። በአንድ አካባቢ የሚኖሩ አራት አምስት ተጫዋቾች በአንድ መኪና ተሳፍረው፣ ነዳጅ ተካፍለው፣ በየማለዳው ሁለት ሰዓት ነድተው ልምምድ የሚሄዱበት ጊዜም አለ። ባንክ ሄዶ ለሃያ አምስት ዓመት የሚከፈል የቤት ብድር የሚጠይቅ ሰው የአንድ ዓመት ውል ሲያሳይ የሚገጥመውን ፊት መገመት አይከብድም።

አኪንፌንዋ ይህን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶበታል። በለንደን ኢዝሊንግተን ከናይጄሪያውያን ወላጆች ተወለደ። ከዋትፎርድ ታዳጊ ቡድን ወጥቶ በ2001 ክለብ ያገኘው ሊቱዌኒያ ውስጥ፣ አትላንታስ በተባለ ቡድን ነው። የ18 እና የ19 ዓመት ልጅ ሆኖ ከተመልካች ዘረኛ ዝማሬ ይሰማ ነበር። ሆኖም እዚያው ቆይቶ በአገሪቱ ዋንጫ ፍጻሜ የማሸነፊያዋን ግብ አስቆጠረ። ቀጥሎ ወደ ዌልሱ ባሪ ታውን ሄደ፤ ክለቡ በገንዘብ እጦት ተጫዋቾቹን አሰናበተ። በ2003–04 የውድድር ዘመን ብቻ ለአራት ክለቦች፣ ለቦስተን ዩናይትድ፣ ለሌይተን ኦሪየንት፣ ለረሽደን ኤንድ ዳይመንድስና ለዶንካስተር ተጫወተ። አራት ማሊያ፣ አራት አሠልጣኝ፣ አራት ጊዜ “አዲስ ነኝ” ማለት።

ስዋንሲ ላይ ሲረጋጋ በ2007 እግሩ ተሰበረ። ከዚያ ሚልዎል ለጥቂት ጊዜ፣ ቀጥሎ ኖርዝሃምፕተን፣ ጂሊንግሃም፣ እንደገና ኖርዝሃምፕተን፣ እንደገና ጂሊንግሃም። ጃንዋሪ 5 ቀን 2015 ለዊምብልደን ሆኖ በኤፍ ኤ ካፕ ከልጅነቱ በሚደግፈው ሊቨርፑል ላይ ግብ አገባ፤ የሊቨርፑሉ ጄራርድ ሁለት አስቆጥሮ ጨዋታው 2 ለ 1 ቢያልቅም የሚታወሰው የእሱ ናት። ከዋትስአፑ ጥሪ በኋላ በጋሬዝ አይንስወርዝ ይሠለጥን የነበረው የዋይኮም ክለብ ወሰደው። በ2020 በኮሮና ምክንያት ባዶ በነበረው ዌምብሌይ ኦክስፎርድን 2 ለ 1 አሸንፈው ሻምፒዮንሺፕ ሲገቡ፣ አሁን በዋትስአፕ ሊያገኘኝ የሚችለው የርገን ክሎፕ ብቻ ነው ብሎ ቀለደ። ያኔ የሊቨርፑል አሠልጣኝ የነበረው ክሎፕም ሰምቶ የቪዲዮ መልእክት ላከለት።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አኪንፌንዋ በፊፋ የኮምፒውተር ጨዋታ ከዓለም ተጫዋቾች ሁሉ በጉልበት አንደኛ ተብሎ የታወቀ፣ በቅጽል ስሙ ልብስ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሥራ ማጣቱን በቴሌቪዥን ሊቀልድበት የቻለው ስሙ ከክለቡ ስለሚበልጥ ነው። የግራ መስመር ተከላካያችን ያንኑ ቀልድ ቢቀልድ ማን ይስቅለታል?

ጄሚ ቫርዲም ለዚህ ዓይነት መዘናጋት አገልግሏል። በሳምንት 30 ፓውንድ ለስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ እየተጫወተ ፋብሪካ ውስጥ የሕክምና መደገፊያ ይሠራ የነበረ ሰው በ2016 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ታሪኩ እውነት ነው፣ ያስደንቃልም። ነገር ግን የሎተሪ አሸናፊ ፎቶ ስለ ቲኬት ገዢዎች ኑሮ የሚነግረን ነገር እምብዛም ነው።

የእንቅስቃሴው ዋና አቅጣጫ ወደ ታች ነው። ከእኛ ወገን ጌዲዮን ዘላለምን እናስታውሳለን፤ በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ፣ በታዳጊነቱ አርሰናል የገባ አማካይ። ጃንዋሪ 24 ቀን 2014፣ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኤፍ ኤ ካፕ በተቀያሪነት ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ስንት ሰው ያን ምሽት “የእኛ ልጅ” እያለ አመሸ። ተጋጣሚው ኮቬንትሪ ሲቲ ነበር፤ ያኔ ሊግ ዋን ውስጥ ያለ፣ በስታዲየም ኪራይ ጠብ የተነሣ የሜዳውን ጨዋታ ኖርዝሃምፕተን ሄዶ የሚያደርግ ክለብ። ዘላለም በ2017 የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ፣ አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሳይጫወት በ2019 ወደ አሜሪካ ሊግ ሄደ። ያን ምሽት ዓይናችን ሁሉ በአንዱ ልጅ ላይ ሲሆን፣ የአብዛኛው የታዳጊ ቡድን ተጫዋች የወደፊት ዕጣ የቆመው ግን በሌላው ማሊያ ውስጥ ነበር፤ እሱም ከቀናው ነው።

እስካሁን የተናገርነው ክለቡ ደመወዝ እንደሚከፍል አድርገን ነው። የማይከፍልበት ጊዜ አለ። የቤሪ ክለብ ተጫዋቾች በ2018–19 መጨረሻ ደመወዛቸው እየተቋረጠ ተጫውተው ክለቡን ከሊግ ቱ ወደ ሊግ ዋን አሳለፉት። ክለቡን በአንድ ፓውንድ የገዛው ባለቤት ዕዳውን ሊያቃልል አልቻለም። ኦገስት 27 ቀን 2019፣ ምናልባት ገዢ ይገኝ ይሆናል ተብሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች መጥረጊያና ጨርቅ ይዘው ጊግ ሌን ስታዲየምን ሲያጸዱ ዋሉ። ከዚያ ቀደም አንዲት የቀድሞ የቦርድ አባል ራሷን በስታዲየሙ አሸንዳ ላይ በካቴና አስራ ነበር። ማታ ላይ ከ1894 ጀምሮ በሊጉ የነበረው፣ ሁለት ጊዜ ኤፍ ኤ ካፕ ያነሣው ክለብ ተባረረ። የተጸዳው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የማክልስፊልድ ተጫዋቾች ደመወዝ ስላልተከፈላቸው በኤፍ ኤ ካፕ አንጫወትም አሉ፤ ክለቡ ታዳጊዎችን አሰልፎ በታችኛው ሊግ ባለው ኪንግስቶኒያን 4 ለ 0 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት እሱም በፍርድ ቤት ፈረሰ። በ2025 ደግሞ ተራው የሞርካም ሆነ፤ ከሊግ ቱ በወረደ ማግስት ደመወዝ ተጓተተ፣ ናሽናል ሊግ አገደው፣ ኦገስት ላይ ባለቤት ተቀይሮ ለጥቂት ተረፈ።

ከቤሪ በኋላ ሊጉ ያመጣው መድኃኒት የቆየውን ጣሪያ ነበር። ኦገስት 2020 የሊግ ዋን ክለብ ለተጫዋቾች በዓመት ከ2.5 ሚሊዮን፣ የሊግ ቱ ደግሞ ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳያወጣ ክለቦቹ በድምፅ ወሰኑ። ሁለተኛውን ለ22 ሰው ብናካፍለው በነፍስ ወከፍ 68 ሺህ ፓውንድ ገደማ ይደርሳል፤ ግብሩም፣ ጉርሻውም፣ የወኪሉም ክፍያ ከዚሁ ላይ ነው። ለእንግሊዝ ሠራተኛ መጥፎ ገንዘብ አይባልም። ነገር ግን ከ35 ዓመት በኋላ የሚቋረጥ፣ መሐል ላይም የሚቆራረጥ ገንዘብ ነው። የተጫዋቾች ማኅበር ያለእኛ ምክክር የተወሰነ ነው ብሎ ለግልግል ዳኞች አቀረበው፤ ፌብሩዋሪ 2021 ጣሪያው ተሰረዘ። የእኛው አገር ክለቦች በ2019 የ50 ሺህ ብር ወርሃዊ ጣሪያ ተስማምተው ከጠረጴዛ ሥር የሚከፈለው ወሬ እንዳላቆመ የሚያስታውስ አንባቢ፣ ሊድስ ሲቲም ከመቶ ዓመት በፊት የተባረረው በዚሁ በጠረጴዛ ሥር ክፍያ መሆኑን ልብ ይላል። ጣሪያ ባለቤቱን አይገራም፤ የሚያጎነብሰው ተጫዋቹ ነው።

አሁን ተስፋ የተጣለው በሕግ ላይ ነው። ጁላይ 2025 የእንግሊዝ የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ጸድቆ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል። ከፕሪሚየር ሊግ እስከ ናሽናል ሊግ ያሉትን አምስት ደረጃዎች በፈቃድ ሥር ያደርጋል፤ ባለቤቶችን ይመረምራል፣ በጀታቸውን ያያል። ሕጉ በጸደቀ በሦስተኛው ወር ሸፊልድ ዌንስደይ ደመወዝ ሲያጓትት ከርሞ ኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ገባና 12 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ሥራው ምን ያህል እንደሚጠብቀው ይህ ያሳያል። በእኔ ግምት ተቆጣጣሪው ሁለተኛ ቤሪን ሊያስቀር ይችላል። የጁን 30ን ነገር ግን አይነካም፤ ሊነካም አልተቋቋመም። እንዲያውም በጀቱን በጥንቃቄ የሚይዝ ክለብ መጀመሪያ የሚያሳጥረው የውል ዘመን ነው። የክለብ ጤንነትና የተጫዋች ዋስትና አብረው የሚሄዱ ይመስለናል፤ ሁልጊዜ ግን አይሄዱም።

በዚህ መሐል ሊጉን በስሙ የያዘው ማን ነው? ከ2013 ጀምሮ ስካይ ቤት የተባለ የውርርድ ድርጅት። (ስሙ የሰማይ ቤት የሚል ተስፋ እንዳይሰጣችሁ፤ “ቤት” በእነሱ ቋንቋ ውርርድ ነው።) ተጫዋቹ የውርርድ ድርጅቱን አርማ በእጅጌው ለጥፎ ይጫወታል፤ እሱ ግን ከ2014 ጀምሮ በዓለም ላይ ባለ በማንኛውም የእግር ኳስ ጨዋታ አንድ ፓውንድ እንኳ እንዳያስይዝ ታግዷል። እገዳው ትክክል ነው። ሆኖም ጌታው የሚነግድበትን ነገር ሠራተኛው እንዳይቀምስ የተከለከለበት ሌላ ስንት የሥራ መስክ አለ?

ኳሱን ሲጨርሱ ወዴት ይሄዳሉ? በ1907 የተቋቋመው ማኅበራቸው በዚህ በኩል ይመሰገናል። ብዙዎች በእሱ ድጋፍ ተምረው፣ ለምሳሌ በሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ አጥንተው፣ ትናንት የታሹበትን ጠረጴዛ በሌላኛው በኩል ሆነው ያዩታል። በስታፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ጋዜጠኝነት የተማሩም አሉ። ችግሩ የጊዜው ነው። በየጁላይ ከተማ የሚቀይር ሰው ሦስት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት የት ተቀምጦ ይማር?

አንድ ቦታ ተቀምጦ የኖረ የለም እንዳይባል ዲን ሌዊንግተን አለ። አኪንፌንዋ ዌምብሌይ ላይ የለበሰውን ማሊያና የሌዊንግተንን ማሊያ የሚያገናኝ ነገርም አለ። የቀድሞው ዊምብልደን ከለንደን ተነሥቶ ወደ ሚልተን ኪንስ ሲዛወር ክለቡ ለሁለት ተከፈለ፦ የቀሩት ደጋፊዎች በ2002 በዊምብልደን መናፈሻ ለመጣው ሁሉ ክፍት የሆነ ሙከራ አካሂደው ኤ ኤፍ ሲ ዊምብልደንን ከዘጠነኛው ደረጃ መሠረቱ፤ የተዛወረው ደግሞ ኤም ኬ ዶንስ ተባለ። ሌዊንግተን በ2003 ለአሮጌው ዊምብልደን መሰለፍ ጀምሮ ከክለቡ ጋር ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። ዲሴምበር 2023 ላይ ለአንድ ክለብ ብዙ የሊግ ጨዋታ በመጫወት የስዊንደኑ ጆን ትሮሎፕ ከ1960 እስከ 1980 ያስመዘገበውን የ770 ጨዋታ ክብረ ወሰን አለፈ፤ በ2025 ጫማውን ሲሰቅል በሁሉም ውድድር ከ900 በላይ ደርሶ ነበር። በእንግሊዝ ሊግ ታሪክ ከአንድ ክለብ ጋር የእሱን ያህል የተጣበቀ ሰው የለም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ክለቡ በየክረምቱ ያስፈርመው የነበረው ውል ግን የአንድ ዓመት ነበር።